ሚስቴን ለማስቀረት የከፈትኩት ጨረታ

ሰው ሚስቱ እንዳትሄድበት የማያደርገው የለም። አንዱ ሽማግሌ ይልካል፣ አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ደግሞ ይታመማል። እኔ ጨረታ ከፈትኩ። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ከእኔ የተሻለ ነገር ታደርጉ ይሆናል። ከእኔ የባሰ ለማድረግ ግን ብዙ መልፋት ይጠይቃችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ከደሴ ብርድ ሹራቤን ደርቤ እወጣለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝኩ እወርዳለሁ፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲቀበለኝ ሹራቤን አወልቃለሁ፣ ማታ መልሼ ለብሼው እገባለሁ። ኑሮዬ ሹራብ መልበስና ማውለቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ አንድ ቀን "ፈረቃ ተቀነሰ" ተባለ። የተቀነሰው ፈረቃ የእኔው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከተከራየናት ቤት ሹራቤን ሳላወልቅ መዋል ጀመርኩ።

ሚስቴ መዲና ይህን ነገር ለጥቂት ወራት በትዕግሥት አየችው። መዲና የቢስቲማ ልጅ ናት። አብረዋት ያደጉት ሴቶች ገሚሶቹ ጅዳ፣ ገሚሶቹ ሪያድ ናቸው፤ ለዒድ አገሯ ስትሄድ የምታገኘው እናቶቻቸውንና እነሱ በላኩት ገንዘብ የተሠራውን አዲስ ቆርቆሮ ቤት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከውጭ ገባች፣ ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ ከቦርሳዋ ፓስፖርት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ደላላው ቪዛው በቅርብ ይመጣል ብሎኛል" አለች።

"የምን ቪዛ?" አልኩ፣ እያወቅሁት።

"አንተ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አታድክመኝ። ሁለት ዓመት ነው። ሠርቼ እመለሳለሁ።"

"እኔ ሥራ አገኛለሁ።"

"አግኛ። ወላሂ፣ ቪዛው ሳይመጣ ሁለታችንን የሚያኖር ሥራ ካሳየኸኝ ይሄን ፓስፖርት ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለአንተ እሰጥሃለሁ።"

መዲና በወላሂ ከተናገረች አታጥፍም። ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከቪዛ ጋር መሽቀዳደም ያዝኩ። ቪዛ እግር ባይኖረውም እንደ እኔ ያለውን ሰው ለመቅደም እግር አያስፈልገውም። ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ስለ ንግድ ችሎታዬ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ በግ ሽጥ ብሎ ሰኞ ገበያ ልኮኝ ነበር። አንድ ገዢ መጣና ላቱን ዳብሶ ዋጋ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሰውየው እንዳይሸወድ ብዬ፣ "አንድ ዓይኑ ትንሽ ያለቅሳል፣ ሣርም ይመርጣል" አልኩት። ገዢው ከልቡ አመሰገነኝና ከአጠገቤ የቆመውን በግ ገዝቶ ሄደ። እንግዲህ ሚስቴን ከጅዳ የሚያስቀርልኝ ነጋዴ ይህ ነው።

መጀመሪያ እንደ ሥርዓቱ ቀበሌ ሄድኩ። ዘመኑ ሥራ አጥ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ የሚባልበት ነበር። በፊት ስልኬ ላይ አንድ ፊልም አይቻለሁ፤ ፈረንጁ በሌሊት ልብሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እጀታው የተሰበረ ማንቆርቆሪያ በኢንተርኔት ያጫርታል። ሰዎች ከየአገሩ እየተሻሙ ዋጋውን ይሰቅሉታል። የእኔ ማንቆርቆሪያ እጀታው ደህና ነው። የሌሊት ልብስ ባይኖረኝም ሹራብ አለኝ። በዚህ ሒሳብ ተበረታትቼ ነው ቀበሌ የገባሁት።

"ዘርፉ ምንድን ነው?" አለኝ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው።

"የኢንተርኔት ጨረታ።"

ፊቱ ያለውን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ብሎኬት አለ፣ ኮብልስቶን አለ፣ ዶሮ እርባታ አለ።

"ጨረታ የለም። ዶሮ ውስጥ ላስገባህ?"

"ዶሮ የለኝም።"

"ለነገሩ ብቻህንም አይሆንም፤ ሰው ይዘህ ና። ዶሮ ከሆነ ሰው ይገኛል።"

አመስግኜ ወጣሁና ያለ ዶሮ ሥራዬን ጀመርኩ። ስልኬ ላይ "የደሴና ኮምቦልቻ የቤት ለቤት ጨረታ" የሚል ግሩፕ ከፈትኩ። የማውቀውን ሰው ሁሉ አስገባሁ፤ እነሱም የሚያውቁትን አስገቡ፤ በሳምንቱ ግሩፑ ሰኞ ገበያን መሰለ። የቀረው የሚሸጥ ዕቃ ብቻ ነበር። መነሻ ገንዘብ ስለሌለኝ ዕቃውን ከየት እንደማመጣ ሳስብ ቆየሁና ዓይኔ የግድግዳ ሰዓታችን ላይ አረፈ።

"ሥራህ የኔን ቤት መሸጥ ነው?" አለች መዲና፣ ሰዓቱን ፎቶ ሳነሳው።

"ካፒታል ነው" አልኳት።

"ካፒታሉ የሠርጋችን ሰዓት ነው፤ አወቅከው?"

አውቄዋለሁ። ግን ሰዓቱ ቢሄድ መዲና ትቀራለች ብዬ አሰብኩ። ለእኔ ያኔ ቀላል ሒሳብ ነበር።

ሰዓቱ ግሩፑ ላይ እንደወጣ መጀመሪያ ዋጋ የሰጡት ሐጂ ሰዒድ ናቸው። ሐጂ አራዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ፣ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ያቀረቡት ዋጋ አንድ ኪሎ ስኳር ይገዛል። ደግ ነው፣ ጨረታ ከታች ነው የሚጀምረው ብዬ ሌላውን መጠበቅ ጀመርኩ። ስልኬ መጮህ ጀመረ። አንዱ "ሐጂ ካሉ አበቃ" ብሎ ጻፈ። ሌላው "አላህ ይባርክልዎት" አለ። ሦስተኛው "ወንድም በያዘው ዋጋ ላይ አይገባም" ብሎ ሁላችንንም ገሠጸን። ከኮምቦልቻ አንዷ ጭራሽ ለሐጂ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ላከች። እስከ ማታ ድረስ በሐጂ ላይ አንዲት ሳንቲም የጨመረ ሰው ጠፋ። ሐጂም መጡ፣ መረቁኝ፣ ሰዓቱን በብብታቸው ይዘው ሄዱ። መዲና ግድግዳው ላይ የቀረውን ምስማር እያየች ብዙ ቆየች። እኔም አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ምስማር ያሳፈረኝ ነገር የለም።

የእኛ አገር ሰው ጨዋነቱ ለሁሉ ነገር ይመቻል፤ ለጨረታ ብቻ አይመችም። እንግዲህ ሰውን ይሉኝታ አስጥሎ የሚያሟሙቅ ሰው ያስፈልገኛል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ጋሽ ተሾመ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ተሾመ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። ጥሩንባ የሚያስንቅ ድምፅ አላቸው። በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ጨረታውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አንዲት ጥላ ይይዙና እንዲህ ያሟሙቋታል፤ ሰው ኪሱን እስኪገለብጥ ይጫረታል። ያሸነፈውም ገንዘቡን ከፍሎ "መልሻለሁ!" ይላል፤ ጥላዋ ትመለስና እንደገና ትጫረታለች። አንዲት ጥላ ከጠዋት ጀምሮ ስትሸጥና ስትመለስ ውላ አመሻሽ ላይ ወደ ዕቃ ቤቷ ስትገባ አይቻለሁ። የእኛው ሰፈር እስላሞችም እዚያ ሄደን እንጫረታለን፤ መስጊድ ሲሠራ እነሱ እንደመጡልን ማለት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጥላዋን አሸንፌ መልሻታለሁ።

"ጋሼ፣ ሰው አልጫረት አለኝ" አልኳቸው።

"ምን አጥተህ ነው ጨረታ የገባኸው?" አሉኝ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሚስቴን ከመሄድ ላስቀር ብዬ ነው ማለት ግን ከበደኝ። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለጎረቤት እንዴት ይናገራል? "ያው የመዲና ነገር ነው፤ እርስዎ ያውቁታል" አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

ጋሽ ተሾመ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ገባኝ፣ ልጄ" አሉ። "በቃ፣ ለእኔ ተወው። ገንዘቡም እኔ ጋ ይጠራቀም፤ የጨረታ ገንዘብ በአንድ እጅ ነው የሚያምረው።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ምኑን ልጠርጥር? ሰውየው ገባኝ ብለዋል፣ አልቅሰዋል፣ በነፃ ሊሠሩልኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ተሾመ ግሩፑ ላይ በድምፅ መልእክት መላክ ጀመሩ። እኔ ድምፁን አልከፍትም ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ካርድ ይበላል፤ ለዚያውም የሚመጣውና የሚሄደው እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ነው። ጽሑፉን ብቻ ነበር የማነበው። ከእያንዳንዱ የጋሽ ተሾመ ድምፅ በኋላ ዋጋ ሲተኮስ አያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልስማ?

የራዲዮ ቴፓችን ወጣ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ከአዲስ ቴፕ በለጠ። አሮጌ መሆኑን፣ ክሩን እንደሚያኝክ፣ የማጫወቻው ቁልፍ በእስክሪብቶ ካልተገፋ እንደማይሠራ ሁሉ በግልጽ ጽፌ ነበር፤ የበጉ ጠባዬ አልለቀቀኝም። ሰው ግን እየተሻማ ይጨምራል። ያሸነፈው ኮምቦልቻ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ኑሬ የሚባል የማላውቀው ሰው ነው። ቴፑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ወረድኩ። ረዳቱ ቴፑ ቦታ ይዟል ብሎ የሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፤ ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ሌላ ሰው ሲያስገባ ግን ቴፑን ወደ ዕቃ ቀይሮ ሰውየውን ላዬ ላይ አስቀመጠው።

ኑሬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላኝ። ቴፑን ግን አልነካውም።

"ገንዘቡን ለጋሽ ተሾመ ልኬያለሁ" አለኝ። "ቴፑን መልሼዋለሁ። ይዘኸው ግባ።"

"አሠራሩ አልተስማማህም?"

"ኧረ ምን በወጣው! ወንድሜ፣ አንተ ጀግና ነህ። ኒያህን፣ በልብህ ያሰብከውን፣ አላህ ይሙላልህ። አብሽር።"

ቴፑን አቅፌ ሐረጎን ሽቅብ ወጣሁ። አጃኢብ የሆነ ነገር ነው፤ ዕቃዬን ሸጬ ዕቃዬን ይዤ እየገባሁ ነው። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ቡልኳችን ተሸጠና ተመለሰ። ትልቁ ፔርሙዝ ተሸጠና፣ ጭራሽ ሻይ ተሞልቶ ተመለሰ። ምንጣፋችንን ያሸነፈችው ሴት አጥባ መለሰችው። እኔም ፈረንጆቹ ያልደረሱበትን ንግድ አገኘሁ ብዬ መኩራት ጀመርኩ። ዕቃው አያልቅ፣ ገበያው አይዘጋ! በልቤ ቀበሌ ተመልሼ ያንን ሰውዬ ዶሮህን ያዝ ልለው ፈልጌ ነበር።

አንድ ጠዋት መዲናን ፊቴ አስቀምጬ "ይኸውልሽ ሥራው፤ አየሽው አይደል?" አልኳት።

"አየሁት" አለች። "ሰዉ ሁሉ ነገረኝ። እኔ አንተን ክፉ አስቤህ ነበር። እንደምትወደኝስ አውቃለሁ፤ ይሄን ያህል ግን አላወቅኩህም ነበር።" ግንባሬን ሳመችኝና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች። እኔ ከደስታዋ ነው ብዬ፣ ቁልፉን መቼ እንደምትሰጠኝ እያሰብኩ ሹራቤን አወለቅኩ። ከቤት ከዋልኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታችን በሰው ተሞላ። ሐጂ ሰዒድ መጡ፤ በብብታቸው የሠርጋችንን ሰዓት ይዘዋል። ጋሽ ተሾመ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ኑሬ ከኮምቦልቻ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ በተሸጠውና በተመለሰው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፣ ከተሸጠውና ከተመለሰው ፔርሙዝ ሻይ ተቀዳለት። መዲና ከእናት ያላነሱ ጎረቤቶቿ መሐል ቁጭ ብላለች።

ሐጂ ሰዓቱን ሰጡኝ። "አፉ በለኝ፣ ልጄ" አሉ። "ኒያህን ሳላውቅ በርካሽ ወሰድኩብህ። ያን ጊዜ ለገበያ መስሎኝ ነበር።"

"ሐጂ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?" አልኩ። ለገበያ ነበር ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ተሾመ ተነሡ።

"ጎረቤቶች" አሉ በዚያ በጨረታ ድምፃቸው። "ስንት ወንድ አውቃለሁ፣ ሚስቱ ለሥራ ስትወጣ የሚደበድብ፣ ፓስፖርት የሚቀድ። ይህ ልጅ ግን ሚስቱን በክብር ለመሸኘት የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ እየነቀለ ለጨረታ አወጣ። እኔ ጋ ሲመጣ ከኀፍረቱ የተነሣ አንገቱን ደፍቶ 'የመዲና ነገር ነው' ብቻ ነው ያለኝ። እናንተም አላሳፈራችሁትም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደላላው ተከፍሏል፤ ቪዛውም ትናንት መጥቷል። የተረፈው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ያደርሳታል፤ በአውቶቡስ አትንገላታም።" ጨረታውን በጣም አሙቀውት ነበር ማለት ነው።

በመሐረብ የታሰረውን ገንዘብ ለመዲና ሰጧት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ሰዓቱን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሆዴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል።

"እስቲ አንተም አንድ ነገር በል" አሉኝ ሐጂ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። እንዳትሄድብኝ ነው፣ እንድትቀርልኝ ነው ማለት እችል ነበር። መዲናን አየኋት። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ታየኛለች፤ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን በኩራት ያየችኝ ጊዜ የለም። ሰዉ ሁሉ ያለውን አውጥቷል፣ ሐጂ አፉታ ጠይቀውኛል፣ ጋሽ ተሾመ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። ይህን ሁሉ ሰው ተሳስታችኋል፣ እኔ የምታስቡኝ ሰው አይደለሁም፣ እዩኝ ብዬ እንዴት ልናገር? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ እኔ ከደጃዝማችነት የሚበልጥብኝ ነገር ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

"አሚን" አልኩ።

"አሚን!" አለ ቤቱ ሙሉ ሰው።

መዲና ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። በጋሽ ተሾመ ወንድም ልጅ መኪና ወረድን፤ ሐረጎ ላይ እጄን ይዛ ነበር። ከበሩ ስትደርስ ዞረችና፣ "የሰዓቱን ባትሪ ቀይርለት" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። አውሮፕላኑ የቦርከናን ወንዝ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ በሙቀቱ ውስጥ ሹራቤን ለብሼ ቆምኩ። ሹራብ ማውለቅ እንዳለብኝ ያስታወሰኝ ጥበቃው ነው።

ቤት ስገባ ሁሉም ነገር እንዳለ ነው። ሰዓቱ ምስማሩ ላይ፣ ቴፑ ጠረጴዛው ላይ፣ ቡልኮው አልጋው ላይ። ከዚያ ሁሉ ጨረታ አንድ ዕቃ አልጎደለብኝም። ካርድ ሞላሁና የጋሽ ተሾመን የድምፅ መልእክቶች ከመጀመሪያው ጀምሬ ማድመጥ ያዝኩ። "ይህ ሰው ሚስቱን ሊሸኝ ነው፤ በላዩ ጨምሩ፣ ጎበዝ! አንደኛ! ሁለተኛ! የሚጨምር የለም?" ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ብሰማው ኖሮ ምን እጨምር እንደነበር አስባለሁ። ያለኝ ነገር ሁሉ ግድግዳው ላይና አልጋው ላይ ነበር፤ በቂ አልነበረም።

ግሩፑ እስካሁን አልተዘጋም። አልፎ አልፎ ከኮምቦልቻ አንድ ሰው "ቀጣዩ ዕቃ መቼ ነው?" ብሎ ይጽፋል። አልመልስም። መዲና ስትደውል ሥራው እንዴት ነው ብላ ትጠይቀኛለች፤ ደህና ነው እላታለሁ። እሷም ደህና ነኝ ትለኛለች። እኛ አገር ጨረታ ያሸነፈ ሰው "መልሻለሁ" ይላል። ጅዳ ያሉት ሰዎች ይህን ወግ ያውቁት እንደሆነ አላውቅም።